አስቸኳይ፦ የእናቴ ጉበት «አንሪማርኬብል» ነው ይላል፣ ምን ማለት ነው?

ሜሪ ከደሴ (ቅዳሜ ማታ 2፡40)
እባካችሁ እንግሊዝኛ የምትችሉ ቶሎ መልሱልኝ። የእናቴን የአልትራሳውንድ ውጤት ዛሬ አመሻሽ ላይ ተቀበልን። የጻፈው ሐኪም ወጥቷል፣ የላካት ዶክተር ደግሞ ሰኞ ነው የሚገባው። ጉበት የሚለው ቦታ ላይ «አንሪማርኬብል» ይላል። ወንድሜ ጅዳ ነው ያለው። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፣ ስልኩ ላይ ባለው መተርጎሚያ ቢያስገባው «የማይረባ» ብሎ አወጣለት። ከታች «ግሮስሊ» የሚል አለ፣ እሱን ደግሞ «በአስከፊ ሁኔታ» አለው። ድምፁ ከፍ ተደርጎ ነበር፣ እናቴ ሁሉንም ሰማች። እራት አቅርቤላት አልነካችውም። ጉበቷ አልቋል ማለት ነው? በናታችሁ!

ቢኒ ኤሌክትሪክ (2፡44)
ሐኪም ጠይቂ እህቴ። እዚህ ማንም ዶክተር አይደለም።

ሜሪ ከደሴ (2፡45)
ሐኪሙ ሰኞ ነው አልኩ እኮ። እስከ ሰኞ ሳትበላ ትቆይ?

ናቲ ዘአዳማ (2፡49)
አይዞሽ ሜሪ። አንድ ቃል ብቻ ነጥለሽ አትጠይቂ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ከላይ እስከ ታች ጻፊው፣ ስማቸውን ብቻ ተይው። ዕድሜያቸው ስንት ነው? ለምንድነው የተመረመሩት?

ጡረተኛው መምህር (2፡53)
ልጄ፣ በመጀመሪያ ተረጋጊ። እኔ 31 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ድንጋጤ በተማሪዎቼ ላይ በየዓመቱ አይ ነበር። ሳይንስ ከሰፈር ቃል ይዋስና የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። «ሥራ» የሚለውን እዪ። አንድ ተሸካሚ ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ አድርጎ ለአንድ ሰዓት ሳይነቃነቅ ቢቆም ላቡ ይንጠፈጠፋል። ፊዚክስ ግን በኩንታሉ ላይ ምንም ሥራ አልሠራም ይላል፣ ኩንታሉ ከቦታው አልተንቀሳቀሰምና። ተማሪዎቼ ይናደዱ ነበር። «ማስ» ደግሞ በፊዚክስ መጠነ ቁስ ነው፣ ፈረንጅ እሁድ ጠዋት ሲለው ቅዳሴ ነው፣ ሐኪም ሲጽፈው እብጠት ነው። እንግዲህ አንድን ቃል ከመተርጎማችን በፊት ማን ነው የተናገረው፣ የት ሆኖ ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

ሜሪ ከደሴ (2፡58)
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጉበቷ ደህና ነው ወይስ አይደለም?

ናቲ፣ 63 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጎኗን ወደ ወገቧ እያመማት ነበር፣ ለዚያ ነው ዶክተሩ አልትራሳውንድ ያዘዘላት። ወረቀቱ እንዲህ ነው፦

«ሊቨር፦ ኖርማል ሳይዝ፣ አንሪማርኬብል። ጎልብላደር፦ አንሪማርኬብል፣ ኖ ስቶን። ስፕሊን፦ አንሪማርኬብል። ራይት ኪድኒ፦ 2.1 ሴንቲሜትር ሲምፕል ኮርቲካል ሲስት። ሌፍት ኪድኒ፦ ኖርማል። ኢምፕሬሽን፦ ሲምፕል ሪናል ሲስት። አዘርዋይዝ ግሮስሊ ኖርማል። ኮሪሌት ክሊኒካሊ።»

አሁን ደግሞ ሲስት የሚለውን አየሁት። ካንሰር ነው አይደል? አትደብቁኝ።

ቢኒ ኤሌክትሪክ (3፡01)
ሐኪም ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ለማንኛውም እናትሽ ፈገግ እንዲሉ ይህን ንገሪያቸው። አባቴ ባለፈው ዓመት ተኝቶ ነበር። ነርሷ መጥታ «አባባ፣ ነገ ዲስቻርጅ ይሆናሉ» አለችው። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች? ባትሪዬ አለቀ ነው የምትለው?» አለኝ። ቤት ትሄዳለህ ማለቷ ነው ብለው አላመነኝም፣ ጫማውን እስካመጣለት ድረስ።

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ (3፡06)
ሜሪዬ፣ ይህን ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ፣ እነዚህን ቃላት በየቀኑ ነው የማገኛቸው። ሐኪም አይደለሁም። ቃላቱን ግን አውቃቸዋለሁ።

አንሪማርኬብል ጥሩ ቃል ነው። ወረቀቱ ላይ ካሉት ሁሉ ከዚህ የተሻለ የለም። ሪማርክ ማለት «ይህን ልብ በሉልኝ» ብሎ መጥቀስ ነው። አንሪማርኬብል ሲል ሐኪሙ «አየሁት፣ ልብ በሉልኝ የምለው ነገር አላገኘሁበትም» ማለቱ ነው። ውጭ ላይ፣ በተራ ወሬ፣ አንድን ሰው አንሪማርኬብል ብትዪው ቅር ይለዋል፣ ተራ ሰው ነህ እንደማለት ነው። መተርጎሚያው የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ጉበት ግን ተራ ሲሆን ነው ጤነኛ የሚባለው። የእናትሽ ጉበት፣ ሐሞት ከረጢትና ጣፊያ እንከን አልታየባቸውም።

ግሮስሊ፦ ደመወዝተኛ ከሆንሽ ይህን ታውቂዋለሽ። ግሮስ ደመወዝ ሲባል አስከፊ ደመወዝ ማለት አይደለም፣ ሳይቆራረጥ በጥቅሉ ማለት ነው። እዚህም «በጥቅሉ ሲታይ ኖርማል ነው» ማለት ነው።

ኢምፕሬሽን፦ የሐኪሙ ማጠቃለያ። «እንዲህ መሰለኝ» ብሎ የሚገምት አይምሰልሽ፣ የወረቀቱ ፍሬ ነገር እዚያ ነው ያለው። ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን አንብቢ።

ሲስት፦ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ማለት ነው። «ሲምፕል» የሚለውን እንዳትዘዪው። ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ሌላ ነገር የሌለበት ሲሆን ነው ሲምፕል የሚሉት። ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት ላይ በብዛት ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናም አይፈልግም። ካንሰር ቢጠረጥሩ ኖሮ ሲምፕል ብለው አይጽፉም ነበር።

ኮሪሌት ክሊኒካሊ፦ ለላከው ሐኪም የተጻፈ ነው። «እኔ ያየሁት ምስሉን ነው፣ አንተ ከሴትየዋ ሕመም ጋር አገናዝበው» እያለው ነው። ጎናቸውን የሚያማቸው በምን እንደሆነ የሚነግርሽ እሱ ነውና ሰኞን አትለፊው።

አንድ ነገር ግን፦ ሽንታቸው ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ወይም ሕመሙ ከበረታ ሰኞን አትጠብቂ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ዮናስ ለ. (3፡15)
ይቅርታ አድርጊልኝ ሜሪ፣ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አይዋጥልኝም። ይህ ወረቀት ለእናትሽ የተጻፈ አይደለም። አንድ ሐኪም ለሌላ ሐኪም የጻፈው ደብዳቤ ነው። የሰው ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ነው የሚያስደነግጠው። ሳታነቡት ብታስቀምጡት ኖሮ ሦስታችሁም በሰላም ታድሩ ነበር።

ናቲ ዘአዳማ (3፡19)
ዮናስ፣ ደብዳቤው ስለ እሷ ኩላሊት ከሆነ የእሷ ነው። ገንዘቡንም የከፈለችው እሷ ናት። መስኮት ላይ አስረክቦ ከመሄድ አንድ ሰው «እናቴ፣ የሚያሰጋ ነገር የለም፣ ሰኞ ዶክተሩ ያስረዳሻል» ቢላት ስንት ሰከንድ ይወስዳል?

ዮናስ ለ. (3፡21)
በዚያ እስማማለሁ። ሰው ማጣቱን ነው እንጂ ማንበቧን ልወቅስ አይደለም።

የወሎ ልጅ (3፡27)
ለምን በአማርኛ አይጻፍም? ይቻላል እኮ። አተት ሲመጣ ገጠር ድረስ ሰው ሁሉ ገብቶታል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ብለው በአማርኛ ስለነገሩት ነው። «አኪዩት» ብለው ቢተዉት ኖሮ ማን ይረዳው ነበር? ዘመዴ ካርዱ ላይ አኪዩት የሚል አይቶ የመጨረሻ ደረጃ መስሎት ነበር። በድንገት የጀመረ ማለት ነው። ጉንፋንም አኪዩት ነው። ክሮኒክ ደግሞ ሥር የሰደደ፣ ብዙ ጊዜ የቆየ።

ጡረተኛው መምህር (3፡36)
የወሎው ልጅ መልካም ብሏል። አኪዩት በላቲን ስለት ያለው፣ ሹል እንደማለት ነው። ክሮኒክ ከግሪክ ነው፣ ክሮኖስ ጊዜ ነው። ነገር ግን አማርኛ ስለሆነ ብቻ ነገሩ ይጠራል ብለን እንዳንታለል። «ነቀርሳ» የሚለውን ተመልከቱ። ካንሰርን ነቀርሳ እንላለን። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ግን ቲቢ ነው፣ በጀርም የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን። አንዲት ጎረቤቴ ልጇ የሳንባ ነቀርሳ አለበት ሲሏት የሳንባ ካንሰር መስሏት ደረቷን መታች። ያ አማርኛ ነበር። ስለዚህ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ አጠገቡ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

አልትራሳውንድ ክፍል ነኝ (3፡44)
ትዕግስት ያለችውን እኔም እደግመዋለሁ፣ አንሪማርኬብል ማለት ችግር አልታየም ማለት ነው። በቀን ብዙ ጊዜ እንጽፈዋለን።

ሲስቱን በተመለከተ ልጨምር። ቦስኒያክ የሚባል አሜሪካዊ ራዲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1986 የኩላሊት ሲስቶችን በሲቲ ስካን አይቶ ከ1 እስከ 4 ደረጃ አወጣላቸው። 1 የሚባለው ሲምፕሉ ነው፣ የሚያሰጋ አይደለም። ወደ 4 ሲጠጋ ነው የሚያሳስበው። የእናትሽ 2.1 ሴንቲሜትር በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ቢሆን ነው። ይህን ያህሉ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ስለዚህ የወገብ ሕመማቸው ከሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ያንን ለዶክተሩ ተዪው።

ሚሚ 77 (3፡50)
እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያምታታኝ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ነው። ትምህርት ቤት «ፖዘቲቭ አስቡ» ይሉናል፣ ምርመራ ላይ ሲሆን ፖዘቲቭ ያስለቅሳል።

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ (3፡54)
ሚሚዬ፣ ምርመራ ጥያቄ ነው ብለሽ ያዢው። «ይህ ነገር አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ፖዘቲቭ «አዎ፣ አለ»፣ ኔጌቲቭ «የለም»። ጥሩ መሆን አለመሆኑ በተፈለገው ነገር ነው የሚወሰነው። በ2012 ኮሮና ሲገባ ሁላችንም ኔጌቲቭ እንዲለን ነበር የምንጸልየው። የእርግዝና ምርመራ ላይ ደግሞ ልጅ ስትፈልግ የኖረች ሴት ፖዘቲቭ ሲላት እልል ትላለች።

ሜሪ ከደሴ (4፡12)
ትዕግስትዬ፣ የጻፍሽውን ቃል በቃል አነበብኩላት። «ጉበት ተራ ሲሆን ነው ጤነኛ የሚባለው» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና ድገሚው አለችኝ። ሦስት ጊዜ ነው ያስደገመችኝ። ከዚያ ሽሮውን አሙቂልኝ አለች። ግማሽ እንጀራ በላች። ትኩሳትም የላትም፣ ሽንቷም ደህና ነው ብላኛለች። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ወንድሜ አሁን የካርዱን ፎቶ አይቶ ተናዷል። «ፔሸንት ዲናይስ ፊቨር» ይላል። ዲናይ መካድ ነው አይደል? እናታችንን ትዋሻለች ብለው ጻፉባት እያለ ነው። ሰኞ ሄደሽ ተጣያቸው እያለኝ ነው።

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ (4፡17)
ኧረ እንዳትጣዪ! ይህ ቃል ስንት ሰው እንዳስቀየመ አትጠይቂኝ። ሐኪሙ «ትኩሳት አለሽ?» ብሎ ጠየቃቸው፣ እሳቸው «የለኝም» አሉ። እሱን ነው የጻፈው። ፍርድ ቤት ሲሆን ዲናይ መካድ ነው፣ ካርድ ላይ ሲሆን «የለብኝም ብለዋል» ነው። «ኮምፕሌይንስ ኦፍ» የሚል ካየም እንዳይቆጣ፣ ነጭናጫ ናቸው ማለት አይደለም። «ይህ ያመኛል ብለው መጡ» ማለት ነው። ለወንድምሽ ይህን መልእክት እንዳለ ላኪለት። ሰው አገር ሆኖ የእናትን ነገር በስልክ መስማት ምን እንደሚመስል እኔም አውቀዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር (4፡25)
ሜሪ ልጄ፣ ሰኞ ስትሄዱ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ ሕመሙ ከምንድነው? ሲስቱ እንደገና መታየት አለበት ወይ፣ መቼ? እስከዚያ ምን እናድርግ? ዶክተሩ ፊት ሲደርሱ ሁሉም ይጠፋል።

ቢኒ ኤሌክትሪክ (4፡28)
በአማርኛ እንዲመልስልሽም ጠይቂው። ያፍራሉ እንጂ ይችላሉ።

ናቲ ዘአዳማ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10)
ሜሪ፣ እናትሽ እንዴት ሆኑ? ዶክተሩ ምን አለ?

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡30)
እኔም እሱን ልጠይቅ ነው የገባሁት።

አዲስ አባል 4 (ዓርብ፣ ማታ 1፡05)
ሰላም ለሁላችሁ። ከላይ ያለውን ሙሉ አንብቤዋለሁ፣ ግን የእኔ ቃል የለበትም። የባለቤቴ ወረቀት «ኢዲዮፓቲክ» ይላል። እኔ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ «ኢዲየት» የሚል ስድብ መሰለኝና ሳልነግራት ደበቅሁት። ምንድነው?

አልትራሳውንድ ክፍል ነኝ (ዓርብ፣ ማታ 1፡20)
ወንድሜ፣ ስድብ አይደለም። «መነሻ ምክንያቱ አልታወቀም» ማለት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቃል ነው የበሽታውን ስም የሚነግርህ። ወረቀቱን አውጣና ሙሉውን ጻፍልን፣ ለባለቤትህም አሳያት።