ሁዳዴ ገባ፤ ምግብ የምትመርጥ ትንሽ ውሻ ምን ትብላ?

ጥያቄ፣ ከደሴ

ሰላም ወገኖች። የፈረንጅ ዘር ያለባት ትንሽ ውሻ አለችን። ቡቺ እንላታለን፣ ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ክብደቷ 4 ኪሎ ገደማ ነው። በፍስክ ብዙም አታስቸግርም። ጉዱ ሁዳዴ ሲገባ ነው። ቤቱ በሙሉ ጿሚ ስለሆነ የሚተርፈው ሽሮና ምስር ነው። ሽሮ ፍትፍት ሲቀርብላት አሽትታው ፊቷን ታዞራለች። ሲላት ወጡን ልሳ እንጀራውን ትተወዋለች። እማዬ ደግሞ «በጾም ድስቴ ውስጥ ሥጋ አይቀቀልም» ብላለች፣ እሷን ማሳመን አይሞከርም። ልጆቹ እያሳዘነቻቸው ብስኩት ይሰጧታል። እሱን አትመርጥም! ትሮጣለች፣ ትጫወታለች፣ የታመመች አትመስልም። ከውጭ የሚመጣው የከረጢት ምግብ ዋጋው አይቀመስም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ፣ ቀላል ነው። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ለጾም ቢዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው። ደሴም ያው ነው፣ የወሎ ጥቅሙ ይሄ አይደል! ስብ የሌለበትን ቁርጥራጭ ጠይቂ፣ ለእሷ ሩብ ኪሎ ብዙ ነው። ለድስቱ ደግሞ አንድ ትንሽ ድስት ግዢላት፣ እናትሽም ያርፋሉ። እኛ ቤት ውሻው የራሱ ድስት፣ የራሱ ሳህን፣ የራሱ ማማሰያ አለው። ግቢ ውስጥ በከሰል ይበስልለታል፣ ዕቃው ከእኛ ዕቃ ጋር አይገናኝም። በዲኑም በንጽሕናውም እንደዚህ ይሻላል።

መልስ፣ ከወልድያ

ውሻ ሆና ምርጫ! ሁለት ቀን ዝም በያት፣ ሽሮውን ራሷ ትለምንሻለች። እኛ ያደግንባቸው ውሾች ፍርፋሪ በልተው ነው ግቢ የጠበቁት።

መልስ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ

የወልድያው ወንድሜ፣ በሽሮው አልስማማም። ሽሮም ምስር ወጥም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት። በርበሬው ራሱ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ነው የሚፈጨው። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፣ ማብሰልም ማድረቅም ይህን አያጠፋውም። ምልክቱ በዕለቱ ላይታይ ይችላል። ከቀናት በኋላ ድካም ይመጣል፣ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ይቀላል ወይም ይጠቁራል። አንድ ትልቅ የግቢ ውሻ የሚችለው መጠን ለ4 ኪሎዋ ውሻ ብዙ ነው። ስለዚህ ፊቷን ማዞሯ እሰየው ነው። ወጡን መላሷም ይቁም።

አሁን ወደ ብስኩቱ። በእሷ ክብደት ያለች ያደገች ውሻ በቀን 300 ካሎሪ ገደማ ይበቃታል። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ብቻውን 70 ያህል አለው። ልጆቹ አራት አምስት ብስኩት ካጎረሷት የቀኑ ቀለብ ሲሶው አለቀ ማለት ነው። ጠግባ ነው የምትመርጠው። እኛ በራሳችን መጠን ስለምናስብ «ምንም አልበላችም» እንላለን።

በቀን ሁለቴ፣ ሰዓት ሳታዛንፊ ስጫት። ሳህኑን 15 ወይም 20 ደቂቃ ተይላት፣ ካልበላች አንሺው። እስከሚቀጥለው ሰዓት ምንም እንዳይሰጣት። ጤነኛ የሆነች ያደገች ውሻ አንድ ጊዜ ሳትበላ ብታልፍ አትጎዳም። ሁለት ቀን ማስራብ ግን አይሆንም። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች፣ ወይም ካስመለሳትና ካስቀመጣት፣ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ለትንንሽ ዘር ቡችላማ ጭራሽ አይሞከርም፣ የደማቸው ስኳር ቶሎ ይወርዳል። አፏንም ክፈቺና እይው። ትንንሽ ውሾች ጥርሳቸው ቶሎ ይበላሻል። ሥጋ እየወደደች ጠንከር ያለውን የምትጥል ከሆነ ጥርሷን አሟት ሊሆን ይችላል።

ምግቡ እንዲህ ይሁን፦ ግማሹ ቀይ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም እንቁላል፣ የቀረው ሩዝ ወይም ድንች ከካሮት ወይም ከዱባ ጋር። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት የለም። ለብ ሲል ስጫት፣ ሽታው ያኔ ነው የሚጠራት። የበሰለ አጥንት በተለይ የዶሮ አትስጪ፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ይህ ምግብ ለጾሙ ወቅት ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ እሱን ብቻ ከሆነ ግን ካልሲየም ያንሰዋልና ሐኪምሽን አማክሪ።

መልስ፣ ከከሚሴ

ዘቢብና ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ነው። ልጆች ላሉበት ቤት ነው የምለው።

መልስ፣ ከሐይቅ

ዓሣ ረሳችሁ? ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናትሽ ትቼ፣ ለቡቺ ግን ቆሮሶ ሞክሪላት። በውሃ ብቻ ቀቅዪው። ሲበርድ ሥጋውን በሁለት ጣትሽ እየደቆስሽ እሾሁን ልቀሚ። በዓይን አይገኝም፣ ጣትሽን ሲወጋሽ ነው የምታገኚው። ከሩዝ ጋር ስትቀላቅዪው የኔዋ ሳህኑን እየገፋች ግድግዳ ድረስ ትሄዳለች።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሽሮው ከዛሬ ጀምሮ ቀረ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሥጋ ቤቱ ጥሬ ጉበትና ሳንባ በነጻ እሰጥሻለሁ ብሎኛል። ልቀበል?

የእንስሳት ሐኪሙ

ጥሬውን አደራ እንዳትሰጫት። የበግና የከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ እብጠት አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ውስጡ የትል ዘር ነው። ውሻ ከበላችው ትሉ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል። እሷን ብዙም ላያማት ይችላል። እንቁላሉ ግን በዓይነ ምድሯ እየወጣ ፀጉሯ ላይ ይቀራል። ልጆቹ ዳብሰዋት እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ይገባባቸዋል፣ እነሱም ጉበታቸው ላይ ያንኑ ውሃ ይቋጥራሉ። ለፋሲካም ለአረፋም ሲታረድ ይህን ዓይነቱን ጉበትና ሳንባ ውሻ የማያወጣው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ንጹሑን ጉበት በደንብ ቀቅለሽ በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ እንደ አውራ ጣት ያህል ስጫት። የትል መድኃኒት ከወሰደች ከቆየ ደግሞ ፕራዚኳንቴል ያለበትን እንዲሰጧት ጠይቂ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክም ይሆናል።

ጠያቂዋ

እሺ ዶክተር። ዛሬ ዶሮ በድንችና በካሮት ቀቀልኩላት፣ በላች። ካሮቱን ግን አንድ በአንድ እየለቀመች ከሳህኑ ውጭ ጣለችው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ፈቅፍቀሽ ከሥጋው ጋር ለውሺው፣ ምን ታመጣለች!