ዓመታዊ የኃይል ፍጆታ ሪፖርት፦ ቆጣሪ፣ ናፍጣና ሶላር እንዴት ይደመራሉ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ የኃይል ሪፖርት እያዘጋጀሁ ነው። ሕንፃዎች፣ የናፍጣ ጄኔሬተር፣ መኪናዎችና የጣሪያ ሶላር አሉን። መብራቱ በኪሎዋት ሰዓት፣ ነዳጁ በሊትር ተመዝግቧል። እንዴት ላዳምራቸው? ሌላው ደግሞ፣ የዋናው ሕንፃ ፍጆታ ከመነሻው ዓመት ጋር ሲነጻጸር አንድ አርባኛ ሆኖ ወጣ። ይህን ያህል እንዳልቆጠብን አውቃለሁ። ስሕተቱን የት ልፈልግ?

መልስ 1
መጀመሪያ ሲቲውን (ከረንት ትራንስፎርመሩን) ይዩ። ጭነቱ ትልቅ በሆነ ሕንፃ ከረንቱ በቀጥታ ወደ ቆጣሪው አይገባም፤ በኬብሉ ላይ የተጠለቀው ሲቲ አሳንሶ ነው የሚልከው። ሲቲው ላይ 200/5 ተጽፎ ከሆነ 200 አምፔሩን ወደ 5 አሳንሶ ይልካል ማለት ነው፤ ማባዣው 40 ነው። የወሩ መጀመሪያ ንባብ 18,420፣ የመጨረሻው 18,735 ቢሆን ልዩነቱ 315 ነው፤ እውነተኛው ፍጆታ ግን 315 × 40 = 12,600 ኪሎዋት ሰዓት። ዘንድሮ ከቢል ሳይሆን ከቆጣሪው በቀጥታ ተነቦ ከሆነ፣ ማባዛቱ የተረሳው እዚያ ነው።

ግን ወዲያው አያባዙ። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ ማባዣው ውስጡ ተሞልቶለት የተባዛውን ያሳያል። የአንድ ወር ንባብ ከዚያው ወር ቢል ጋር ያስተያዩ።

መልስ 2
ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር፦ የተሳሳተው የዘንድሮው ነው ብለው አይደምድሙ፤ የመነሻው ዓመት ሁለት ጊዜ ተባዝቶም ሊሆን ይችላል። በወለል ስፋት ሲያካፍሉት ይለያል። ቢሮው 1,500 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በወር 12,600 ማለት በዓመት 151,200፣ ለካሬ ሜትር 100 ገደማ ነው፤ ለቢሮ የሚያስኬድ ቁጥር። 2.5 ከወጣ መብራቱን እንኳ አይሸፍንም። 4,000 ከወጣ ደግሞ ሁለቴ ተባዝቷል።

መነሻው ከተሳሳተ ዝም ብለው አይለውጡት። የድሮውን ቁጥር፣ አዲሱንና ምክንያቱን ጽፈው፣ የሲቲውን ፎቶ አያይዘው ለተቆጣጣሪው አካል ያሳውቁ። የአውሮፓ ኅብረት የ2023 መመሪያን ብናይ፣ የመንግሥት ተቋማት በድምሩ ከ2021 ፍጆታቸው በየዓመቱ ቢያንስ 1.9 በመቶ እንዲቀንሱ ያዛል። ግቡ እንዲህ ጠባብ ሲሆን የመነሻው ስሕተት የሚቀጥሉትን ዓመታት ሁሉ ያበላሻል።

መልስ 3
ስለ ነዳጁ፦ ሁሉንም ወደ ኪሎዋት ሰዓት ይቀይሩ። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ገደማ፣ ቤንዚን 9 ገደማ ይይዛል፤ ተቆጣጣሪው የራሱን ቁጥር ካወጣ በእሱ ይሥሩ። የተገዛው ሁሉ ተቃጥሏል ማለት አይደለም፤ በዓመቱ መጀመሪያ በታንከር የነበረውን ከግዢው ጋር ደምረው በመጨረሻ የቀረውን ይቀንሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጄኔሬተሩ ላይ ነው። ናፍጣውን ከቆጠሩ ያመነጨውን መብራት አይደምሩ፤ አንዱ ኃይል ሁለት ጊዜ ይገባል። የውስጥ ቆጣሪው ከቼንጅ ኦቨሩ (ሕንፃውን ከመሥመር ወደ ጄኔሬተር ከሚያዞረው ማብሪያ) በኋላ ከተገጠመ የጄኔሬተሩንም ስለሚያነብ፣ ከመሥመር የመጣውን ከዋናው ቆጣሪ ይውሰዱ።

ሶላሩ ካመነጨው ላይ ወደ መሥመር የሄደውን ይቀንሱ፤ የቀረው እናንተ የተጠቀማችሁበት ነውና ለብቻው ረድፍ ይመዝገብ።

ቢሉ ከበጀት ዓመቱ ጋር ካልገጠመ በቀን ያካፍሉ፦ ከ33 ቀን ቢል 14ቱ በአዲሱ ዓመት ካረፉ፣ የፍጆታው 14/33 ወደዚያ ይሄዳል። በግምት የተሞላ ቢል ካለ ግን ትክክለኛው ንባብ እስኪመጣ ይጠብቁ።