ባዜል ሳላሽገው ይሠራል፤ ዴብ ፓኬጅ ሳደርገው እምቢ ይላል

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር አለን፤ ሁሉም ኡቡንቱ ነው። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ቢኖር ሁለት ቀን የለም። ስለዚህ የሚያስፈልገንን ሁሉ ዴብ (የኡቡንቱ መጫኛ ፓኬጅ) እያደረግሁ አንዱ ማሽን ላይ አስቀምጣለሁ። ሌሎቹ በአፕት (በኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ ትእዛዝ) ከእሱ ይጭናሉ።

አሁን ተራው የባዜል ነው፤ ጎግል በ2015 ለሁሉም ክፍት ያደረገው የቢልድ መሣሪያ፣ ማለትም ሶርስ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይር። ዝግጁ ዴብ እንዳለው አውቃለሁ። ግን ተማሪዎቼ አንድ ፕሮግራም ከሶርስ ኮድ ተነስቶ ፓኬጅ እስኪሆን ድረስ በዓይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ሶርሱን ከጊት ወሰድኩ። ባዜልን ለመሥራት ባዜል ያስፈልጋል። እርሾ ከሌለሽ እንጀራ ለመጋገር ስንት ቀን እንደምትጠብቂ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኋላ ላይ "ዲስት" የሚለውን ዚፕ አገኘሁ። እሱ ከጎረቤት በጣሳ እንደመጣ እርሾ ነው፤ ማስጀመሪያው ውስጡ አለ። ስክሪፕቱ በጃቫ ኮምፓይለር መጀመሪያ ትንሽ ባዜል ይሠራል፤ በትንሹ ደግሞ ትልቁን።

ላፕቶፔ ራሙ 8 ጊጋ ነው። አንዴ ሜሞሪ አልቆ ቆመ። በሁለተኛው መብራት ሄዶ ራውተሩ ጠፋ፤ ዲፔንደንሲ እያወረደ ነበርና እዚያው ቀረ። ሦስተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ሃምሳ ሜጋ ገደማ የሆነ አንድ ፋይል ወጣ። ቨርዥኑን ስጠይቀው መለሰልኝ። ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በነጋታው አሸግሁት። ምንም ስህተት አልታየም። ጭኜ ስከፍተው ግን ራሱን እንደ ዚፕ ፋይል መክፈት እንዳቃተው ጽፎ ይቆማል። የተጫነውን ፋይል ሳየው ጥቂት ሜጋ ብቻ ሆኗል። ሌላው የት ገባ? ሁለት ቀን ሙሉ እሱ ላይ ነኝ።

አራዳ፦
ለምን ትለፊያለሽ? ባዜሊስክን ጫኚ። ፕሮጀክቱ የሚፈልገውን ቨርዥን ራሱ አውርዶ ያስነሳልሻል።

የማራኪዋ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ችግሩ "አውርዶ" የምትለው ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁሌ ኢንተርኔት የለም።

የአዘዞው፦
እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ጥቂት ሜጋ ሆኗል ያልሽው ነው።

የባዜል ፋይል አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነገር ተጣብቆ ነው። ፊቱ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ጭራው ላይ ትልቅ ዚፕ አለ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የጃቫ ሰርቨር እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ስታስነሺው ፊተኛው የራሱን ጭራ ከፍቶ ሆምሽ ውስጥ ያለው የካሽ ፎልደር ላይ ይዘረግፈዋል።

ዴብ ስትሠሪ ደግሞ "ዲኤች ስትሪፕ" የሚባል ደረጃ አለ። የዲበግ ምልክቶችን (ስህተት ለመፈለግ የሚጠቅሙትን) አውጥቶ ፋይሉን እንደገና ይጽፈዋል። ለአብዛኛው ፓኬጅ ጥሩ ነገር ነው፤ ቦታ ይቆጥባል። ጭራው ላይ የተጣበቀውን ዚፕ ግን የፕሮግራሙ አካል አድርጎ አያውቀውም። ጥሎት ያልፋል። ስህተት ያላየሽውም ለዚህ ነው፤ እሱ በበኩሉ ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

መጀመሪያ ሞክሪና አረጋግጪ። ዴብ ቢልድ ኦፕሽንስ የሚለው ቫሪያብል ላይ "ኖስትሪፕ" ብለሽ እንደገና አሽጊው። ከሠራ፣ ዴቢያን ፎልደር ውስጥ ያለው ሩልስ ፋይል (የማሸጊያው ትእዛዝ ዝርዝር) ላይ ኦቨራይድ ዲኤች ስትሪፕ (ሦስቱ ቃል በአንደርስኮር ተያይዞ) ጽፈሽ ሁለት ነጥብ አድርጊበት። ከሥሩ ምንም አትጻፊ። ባዶ መሆኑ ነው "ይህን ደረጃ እለፈው" የሚለው። ከዚያ ሳይታሸግ ያለውንና የተጫነውን ፋይል በሻ 256 (የፋይልን አሻራ በቁጥርና በፊደል በሚያወጣው) አወዳድሪ። ተመሳሳይ ቁጥር ካልሰጡሽ ገና የሚነካው ነገር አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንቺ አልጠየቅሽም፣ እኔን ግን ያሳስበኛል። የፓኬጁ ስም ላይ ቨርዥኑን አስገቢ፤ ፋይሉንም እንደዚያው ሰይሚው። ብዙ ፕሮጀክት የሚፈልገውን የባዜል ቨርዥን በፋይል ጽፎ ያስቀምጣል። ለምሳሌ ቨርዥን 8 ላይ "ወርክስፔስ" የሚለው የድሮ አሠራር (የውጭ ላይብረሪ የሚጠራበት) ካላበራሽው አይሠራም። ሁለት ቨርዥን ጎን ለጎን መቀመጥ ካልቻለ፣ አዲሱን በጫንሽ ማግስት የአንዱ ተማሪሽ ፕሮጀክት ይቆማል።

ለክፍልሽ ከሆነ ይህ ይበቃል። ወደ ዴቢያን (ኡቡንቱ የተመሠረተበት ሲስተም) ልላከው ካልሽ ግን ሌላ ሥራ ነው። እዚያ ፓኬጅ ሲሠራ ኢንተርኔት መንካት ክልክል ነው። መብራት ሲሄድ ያስቆመሽ ያ ሁሉ ማውረድ አስቀድሞ ተሰብስቦ መቀመጥ አለበት።

የማራኪዋ፦
ሠራ! ሁለቱ ቁጥሮች እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ ናቸው። አሥራ አንዱ ማሽን ላይ ጭኛለሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ጥገና ላይ ነው። ስሙም ላይ ቨርዥኑን አስገብቻለሁ።

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ዛሬ ማታ ሩልስ ፋይሉን በፕሮጀክተር እከፍትላቸዋለሁ። መጀመሪያ ያለዚያች የኦቨራይድ መስመር አሽገው ሲሞት ይዩት፤ ከዚያ መስመሯን ራሳቸው ይጻፏት።