ሰርቨሩ በየመሃሉ ቀጥ ይላል፤ በኤፍትሬስ ምክንያቱን እንዴት ልያዘው?

የጨሞጋ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት የሚመዘገብበት ሰርቨር አለው። ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ባለ 4 ኮር፣ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት። መምህራን ውጤት ሞልተው ሲያስቀምጡ አንዳንዴ ሁሉም ነገር ለብዙ ሰከንድ ቀጥ ይላል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው፤ ሎድ አቨሬጁ (በሥራ ላይ ያሉና የሚጠብቁ ፕሮሰሶች አማካይ ብዛት) ግን ሽቅብ ይወጣል። የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሎግ ላይ ምንም የለም።

በኤፍትሬስ (ሊኑክስ ውስጥ ያለ፣ ፋይሎች ላይ በመጻፍ የሚታዘዝ መከታተያ) የከርነል ክስተቶችን ልከታተል ብዬ ሁለት ነገር ያዘኝ። «ሱዶ ኢኮ 1» ብዬ ወደ ፋይሉ ስጽፍ ፈቃድ የለህም ይለኛል። ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ሆኜ ሁሉንም ክስተት ስከፍት ደግሞ የሚፈሰው መዓት ነው፤ የምፈልጋት ቅጽበት ሳልደርስባት ተደምስሳ ትጠፋለች። ሰኔ ደርሷል፣ ውጤት የሚገባበት ሰሞን ነው። እባካችሁ።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሱዶ ሥልጣን የሚሰጠው ለኢኮ ብቻ ነው። ፋይሉን የሚከፍተው የራስህ ሼል (ትእዛዝ የምትጽፍበት ፕሮግራም) ነው፤ እሱ ደግሞ ሩት አይደለም። «ኢኮ 1 | ሱዶ ቲ» ብለህ የፋይሉን ስም አስከትል። ቦታው /ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ ነው። የቆዩ መመሪያዎች «ዲበግ» የሚለውን ፎልደር መሃል ያስገባሉ፤ በፈረንጆቹ 2015 ከወጣው ከርነል 4.1 ወዲህ ግን ትሬስኤፍኤስ (እነዚህ ፋይሎች ያሉበት ፋይል ሲስተም) ራሱን ችሏል።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

ሁሉንም አትክፈት። ሲፒዩ ሥራ ፈትቶ ሎድ ከፍ ካለ፣ ፕሮሰሶች ዲስክ እየጠበቁ ተኝተዋል ማለት ነው። ሊኑክስ እነዚያንም ሎድ ውስጥ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ሁለት ክስተት ይበቃሃል፦ ብሎክ_አርኪው_ኢሹ እና ብሎክ_አርኪው_ኮምፕሊት። የመጀመሪያው ትእዛዙ ወደ ዲስኩ የወጣበትን ሰዓት፣ ሁለተኛው ያለቀበትን ይመዘግባል። ዲስክህ ኤስዲኤ ከሆነ የሁለቱም «ፊልተር» ፋይል ላይ ዴቭ == 8388608 ብለህ ጻፍ። ይህ ቁጥር 8,0 የሚባለው ዲስክ በከርነሉ ውስጥ የሚታወቅበት ነው።

ቀጥሎ መዝገቡን አስፋው። ባፈሩ (መዝገቡ የሚያርፍበት የሜሞሪ ቦታ) ክብ ነው፤ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ ይሄዳል። መነሻው ለአንድ ሲፒዩ 1408 ኪሎባይት ገደማ ነው። «ባፈር_ሳይዝ_ኬቢ» ላይ 16384 ጻፍ፤ ለ4 ኮር 64 ሜጋባይት ይሆናል።

ዋናው ነገር ግን ማቆሙ ነው። አንተ ኪቦርድ ጋ እስክትደርስ አይጠብቅህም። በየሰከንዱ ትንሽ ፋይል ዲስኩ ላይ በኤፍሲንክ (ጽሑፉ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ በሚጠብቅ ትእዛዝ) የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት አዘጋጅ። መጻፉ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ስክሪፕቱ ወዲያው «ትሬሲንግ_ኦን» ላይ 0 ይጻፍ። መዝገቡ እዚያው ይቆምልሃል። ከዚያ «ትሬስ» የሚለውን ፋይል አንብብ እንጂ «ትሬስ_ፓይፕ»ን አይደለም። ፓይፑ ያነበብከውን ከባፈሩ ያወጣዋል፤ ደግመህ አታገኘውም።

አዊ ፈረሰኛ (እንጅባራ)፦

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ትሬስ-ሲኤምዲ (ኤፍትሬስን የሚያዝልህ ፕሮግራም) ጫን፣ «ሪኮርድ» በል፣ በከርነልሻርክ ምስሉን እይ። ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው።

ጣና ዳር፦

ከርነልሻርክ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ትሬስ-ሲኤምዲ ሪኮርድ ሲል መረጃውን እየተከታተለ ፋይል ላይ ይጽፋል። የተጠረጠረው ዲስክ ላይ ከጻፈ የራሱ ጽሑፍ ከመረጃው ጋር ይደባለቃል። በ«ስታርት» ጀምሮ፣ በ«ስቶፕ» አቁሞ፣ በኋላ በ«ኤክስትራክት» ፍላሽ ላይ ማውጣት ይቻላል። እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ።

የጨሞጋ ልጅ፦

እጃችሁ ይባረክ፣ ተያዘ! ስክሪፕቱ አቆመው። የሰዓቱን ዓምድ እዩልኝ፦

5210.114 ኢሹ 8,0 አር 412907520 + 8
5210.131 ኢሹ 8,0 ደብሊውኤስ 20981760 + 8
5219.862 ኮምፕሊት 8,0 አር 412907520 + 8
5219.870 ኮምፕሊት 8,0 ደብሊውኤስ 20981760 + 8

መጻፉ ነው እንግዲህ ከ9 ሰከንድ በላይ የፈጀው?

ጣና ዳር፦

አይደለም፣ ከላዩ ያለውን እይ። በሴክተር (የዲስኩ ቦታ) ቁጥሩ አጣምረህ አንብብ። መጀመሪያ የወጣው የአር ትእዛዝ ነው፤ ማንበብ ማለት ነው። 412907520ን ለማንበብ ዲስኩ 9.7 ሰከንድ ታግሏል። ጽሑፉ (ደብሊውኤስ የሚለው) ከኋላው ተሰልፎ ነበር፤ ንባቡ ባለቀ በ8 ሚሊሰከንድ አለቀ። መምህራኑ የሚያዩት የጽሑፉን መዘግየት ስለሆነ ነው ሲያስቀምጡ የሚቆም የሚመስለው።

ሎጉም ለዚህ ነው ባዶ የሆነው። የከርነሉ የትእዛዝ ጊዜ ገደብ በነባሪው 30 ሰከንድ ነው። ዲስኩ ደጋግሞ ሞክሮ ከዚያ በፊት ስለተሳካለት፣ ከርነሉ ስህተት ነው የሚልበት ምክንያት የለውም። ትሬስ ባይኖር ይህን ማየት አትችልም ነበር።

ዳሞት፦

ዘመዴ፣ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት ዳታቤዙን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ከዚያ በስማርትሲቲኤል (የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም) 5ኛውንና 197ኛውን ቁጥር እይ። 197 ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ሴክተር አለ ማለት ነው። የተማሪ ውጤት ላይ እየተመላለሰ የሚነበብ ቦታ ከሆነ ነገ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል።

የጨሞጋ ልጅ፦

197ኛው ከዜሮ በላይ ነው። ግልበጣው እየሄደ ነው፤ አዲስ ዲስክ ጠይቄያለሁ። እስከዚያ ትሬሱን ክፍት ልተወው?

ጣና ዳር፦

የያዝከውን ፍላሽ ላይ አስቀምጥና ዝጋው። «ኢቨንትስ/ኢነብል» ላይ 0 ጻፍ፣ «ባፈር_ሳይዝ_ኬቢ»ን ወደ 1408 መልስ፣ «ትሬሲንግ_ኦን»ን መልሰህ 1 አድርገው። አዲሱ ዲስክ ከገባ በኋላ ያንኑ ስክሪፕት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን አስኪደው፤ ማቆም ከቀጠለ ገመዱን ወይም ኮንትሮለሩን እንመረምራለን።