የቀኝ ክንፌ ጫፍ ተጠመዘዘ፤ ሳይጣል ይቃናል?

ጀማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ተቆራርጦ ከሚመጣ ኪት የባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት) ሞዴል አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 120 ሴንቲሜትር ነው፤ ሆዱ ጠፍጣፋ። የግራው ክንፍ ያለ ችግር አለቀ። የቀኙን ግን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ጫፉ አጠገብ የኋላ ጠርዙ 6 ሚሊሜትር ተነስቶ ቀረ። በጣቴ ስጫነው ይወርዳል፤ ስለቀው ተመልሶ ብድግ ይላል። የተጠቀምኩት የአናጺ ነጭ ሙጫ ነው፤ መሸፈኛውን ገና አላለበስኩም። አዲስ ክንፍ ልሥራ?

መላጊያ፦
ኧረ አትጣለው። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ከፊት ጠርዙ እስከ ዋናው ተሸካሚ እንጨት ድረስ ከላይ የሚለጠፈውን ስስ የባልሳ ጠፍ ያጣበቅከው ክንፉ ጠፍጣፋው መሥሪያ ሰሌዳ ላይ በእስፒል እንደተያዘ ነው ወይስ ካነሳኸው በኋላ?

ጀማሪ፦
የግራውን ሰሌዳው ላይ፤ የቀኙን ግን ችኮላ ይዞኝ በእጄ እንደያዝኩት።

መላጊያ፦
በሽታው ተገኘ። አጥንት (ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ቅርጽ ሰጪ እንጨቶች) እና ተሸካሚ ብቻ ያለው ክንፍ ወደፈለግከው ይዞራል። ጠፉ ሲለጠፍበት ግን ሙጫው በደረቀበት ሰዓት የነበረውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ እጅህ ደግሞ ሰሌዳ አይደለም።

ነፋስ ቀደም፦
እኔ ውኃ አፍልቼ ጠፉን እንፋሎቱ ላይ አሟሙቄ፣ ወደ ተቃራኒው ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፌ ጠምዝዤ፣ ክብደት ጭኜበት አሳድረዋለሁ። ሁለት ክንፍ አድኜበታለሁ።

መላጊያ፦
ሙጫው ሌላ ቢሆን እስማማ ነበር። ተራ ነጭ ሙጫ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ጠፉ ተቃንቶ አጥንቶቹ ሊለቁበት ይችላሉ። በእኔ በኩል መቁረጥ ይሻላል። ስስ ምላጭ በጠፉና በአጥንቶቹ መካከል አስገባ፤ ከክንፉ ወገብ ጀምረህ እስከ ጫፉ ከአጥንቶቹና ከተሸካሚው አላቅቀው፤ ከፊት ጠርዙ ጋር ግን እንደተያያዘ ተወው። ክንፉ ወዲያው ሲላላ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አስተኝተህ በእስፒል ያዝና እንደገና አጣብቅ።

አሮጌ ክንፍ፦
ቆይ ልጄ፣ ምላጩን አስቀምጥና ፕላኑን ተመልከት። ጫፉ አጠገብ ከኋላ ጠርዙ ሥር ትንሽ ሽብልቅ ተስሏል? ብዙ ፕላኖች ጫፉን ሆን ብለው ያዞሩታል። አውሮፕላኑ ፍጥነት ሲያጣ የክንፉ ጫፍ ከሥሩ ቀድሞ ማንሳት ካቆመ በአንድ ጎኑ ይወድቅና እየተሽከረከረ ይወርዳል። የጫፉ የኋላ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ሲል ጫፉ ነፋሱን በአነስተኛ ማዕዘን ስለሚያገኘው መጨረሻ ድረስ ያነሳል። መጥፎው ጫፉ በተቃራኒው ሲዞር ነው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለቱ ክንፎች ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ። የአንተን እንዳለ ብታበረው ወደ ቀኝ ይጋደልብሃል።

ጀማሪ፦
አፍሬአለሁ። ሽብልቁ ተስሏል፤ ቁመቱ ጫፉ ላይ 3 ሚሊሜትር ሆኖ ይጀምርና አራተኛው አጥንት ላይ ዜሮ ይሆናል። ለካ ደህና ነው ብዬ የተውኩት ግራውም ስህተት ነው!

አሮጌ ክንፍ፦
ጥሩ፣ አሁን መላጊያ እንዳለህ ቀኙን ቁረጥ። ስታስተኛው የኋላ ጠርዙን ብቻ ደግፈህ መሃሉን ባዶ እንዳትተው። ጫፉ ላይ ከኋላ 3 ሚሊሜትር ስታደርግ ተሸካሚው ሥርም 1 ሚሊሜትር ገደማ አስገባ፤ አለዚያ እስፒሉ አጥንቱን ያጎብጠዋል። እስከ ማግስቱ አትንካው። ግራውን አትቁረጠው፤ መሸፈኛው ያስተካክለዋል። በካውያ የሚኮማተረውን ፕላስቲክ ካለበስክ በኋላ አንድ ሰው ጫፉን ከ3 ሚሊሜትር ትንሽ አሳልፎ ጠምዝዞ ይያዝልህ፤ አንተ ከላይም ከታችም ሽብሽቡ እስኪጠፋ አሙቅ። ሳይቀዘቅዝ እንዳይለቀው፤ ሲለቀው ጥቂት መመለሱ አይቀርም።

ነፋስ ቀደም፦
ሚስማር በሚመስል ካውያ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ አትቆይ፤ ፕላስቲኩ ይበሳል። ከልምድ ነው የምናገረው።

ጀማሪ፦
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ቀኙ ልክ 3 ሚሊሜትር ሆነ። ግራው በመጀመሪያው ሙከራ 2 ላይ ቀረ፤ እህቴ ጫፉን ይዛልኝ ደግሜ ሳሞቀው እኩል ሆኑ። አሁን ከኋላ ቆሜ ሳያቸው ሁለቱ ጠርዞች አብረው ይነሳሉ። ግን ሁለቱን ሳጋጥም ክንፉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ቀኙ በ4 ግራም ይከብዳል። አጥንቶቹን ልላግ?

መላጊያ፦
አትንካቸው። ባልሳ አንዱ ጠፍ ከሌላው በክብደት በጣም ይለያያል፤ ምናልባት የቀኙ ከጠንካራው ደርሶት ይሆናል። አውሮፕላኑን ገጣጥመህ ከጨረስክ በኋላ አፍንጫውና ጭራው ላይ ያዘውና ቀላሉ ጫፍ ላይ ሚዛኑ እስኪስተካከል ትንሽ ክብደት ለጥፍበት። ከጫፉ ስለሚሠራ 4 ግራም ሙሉውን አይፈልግም።