በለቅሶ ቤት መሳቅ፦ «አሌስ አውፍ ዙከር» ሺቫን ደፈረ ወይስ አከበረ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር በአንድ የጀርመን ኮሜዲ ላይ ነው። አይሁዳዊው ዳይሬክተር ዳኒ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ2004 የሠራው «አሌስ አውፍ ዙከር» ይባላል። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ያኪ ዙከር በርሊን ውስጥ በፑል ቁማር የሚኖር፣ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀ፣ ከአይሁድነቱ ከራቀ የቆየ ሰው ነው። እናቱ ትሞታለች። ኑዛዜዋ ሲነበብ፣ ከፍራንክፈርቱ ሃይማኖተኛ ወንድሙ ከሳሙኤል ጋር ካልታረቀና ሁለቱም ሰባቱን የሐዘን ቀናት በሥርዓቱ ካልተቀመጡ ውርስ የለም ይላል። ወንድማማቾቹ የበርሊን ግንብ በ1961 የለያያቸው፣ ግንቡ ፈርሶም ሳይነጋገሩ የኖሩ ናቸው። ያኪ ግን በዚያው ሳምንት ትልቅ ሽልማት ያለው የፑል ውድድር አለበት፤ የታመመ እየመሰለ ከለቅሶው ይሾልካል። እንግዲህ ጥያቄው፦ ሺቫን፣ የአይሁድን የሰባት ቀን ሐዘን፣ ማሳቂያ ማድረግ ይገባል?

ከነታንያ (እስራኤል)፦ አይገባም። ሺቫ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ከቀብር መልስ ሐዘንተኛው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ልብሱ ደረቱ ላይ እንደተቀደደ ነው የሚውለው። የቆዳ ጫማ አያደርግም፣ ሥራ አይሠራም። መስተዋት ይሸፈናል፣ በሩ አይቆለፍም፣ ጎረቤት እንቁላልና ምስር ይዞ ይመጣል። ለቀስተኛው ደግሞ ሐዘንተኛው አፉን እስኪከፍት ዝም ብሎ ይቀመጣል። አባቴን ስንቀብር ይህን ሁሉ ተቀምጬበታለሁ። ፊልሙ ውስጥ ያጣሁት ያንን ዝምታ ነው። እዚያ ሺቫ እንደ እስር ቤት ነው፤ ለገንዘብ ይገቡበታል፣ ለገንዘብ ያመልጡበታል። ያውም አይሁድን በገንዘብ ወዳድነት ሲያሙ በኖሩበት አገር!

ሌላም አለ። እኛ ቤተ እስራኤላውያን ሰባቱን ቀን እስራኤል ስንገባ አልተማርናቸውም። ጎንደር ሬሳ የነካ ሰው በኦሪቱ ሕግ ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጥ እንደነበር ወላጆቻችን ነግረውናል። ወደ እስራኤል ስንመጣ በሱዳን መንገድ ደግሞ አራት ሺህ ያህል ሰው አልቆብናል። በየዓመቱ ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ተሰብስበን እናለቅሳቸዋለን። ብዙዎቹ ሲወድቁ አጠገባቸው የነበረው ሰው ሰባት ቀን ቀርቶ ሰባት ደቂቃ መቀመጥ አልቻለም፤ ቀብሮ መንገዱን ቀጠለ። ስለዚህ ሺቫ ያገኘ ሰው ከሺቫ ሲሾልክ እያየሁ መሳቅ አልሆነልኝም።

የበርሊኑ፦ እህቴ፣ የሱዳኑን ስትጠቅሺ አፌ ተያዘ። የገንዘቡም ነገር ልክ ነሽ፣ እኔንም ከብዶኛል። ግን እዚህ በርሊን የማየውን ልንገርሽ። ከቤቴ ደጃፍ አስፋልቱ ዳር እጅ መዳፍ የምታህል የናስ ሳህን ተተክላለች። እዚያ ቤት የኖረ ሰው ስም፣ የተወለደበት ዓመት፣ የተጋዘበትና የተገደለበት ተጽፎባታል። ጠዋት ሥራ ስሄድ ጎንበስ ብዬ አነባታለሁ፤ ዝናብ ሲዘንብ ታበራለች። ከሂትለር በፊት ጀርመን ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል አይሁድ ነበሩ። ልጆቼ በትምህርት ቤት ያወቋቸው አይሁድ ግን ሁሉም የሞቱ ናቸው። ይህ ፊልም የሚዋሽ፣ ከወንድሙ የተኳረፈ፣ በሕይወት ያለ አይሁዳዊ አመጣላቸው። አይሁድ ያልሆነችው ሚስቱ ቤቷን በጥድፊያ ኮሸር፣ ማለትም ለአይሁድ የምግብ ሕግ የተገባ፣ ለማድረግ ስትራወጥ ያየ ሰው ሥርዓቱን አይንቅም፤ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። በ2005 የጀርመን የፊልም ሽልማት ምርጥ ፊልም ያለው ይህንኑ ነው። ደግሞ ሳቁ ለበርሊን አዲስ አይደለም። የፊልም ሰው የነበረው ኧርንስት ሉቢች፣ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ታሪካቸው በአይሁድ ሱቆች ውስጥ በሆነ ኮሜዲ ፊልሞች እየተጫወተ ሕዝቡን ያስቅ ነበር። ናዚዎች ያንን ሳቅ ከነባለቤቶቹ አጠፉት።

የፍራንክፈርቷ፦ የሠራው ማን እንደሆነ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ የሳቀው ማን እንደሆነ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ሲኒማ ቤት ገብቼ አይቼዋለሁ። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ቀኙን ያያል፣ ሌላው ሲስቅ ነው እሱም የሚስቀው። መሃል ላይ ግን መተያየቱን ተዉት። ያ መልካም ይሁን መጥፎ እስከዛሬ መወሰን አልቻልኩም።

ከአዲስ አበባ፦ እኛም ጋ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱና ሲሳሳቁ የሚያድሩት ለሟቹ ያላዘኑ ሆነው አይደለም። ሐዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው ነው።

ከነታንያ፦ ሳቅማ እኛም ስቀናል። ሁለቱ ወንድሞቼ በቤት ሽያጭ ተጣልተው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። ሺቫው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተያዩም። በአራተኛው ቀን ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ መጡ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ትንሽ ቆዩና ወደ ታላቁ ወንድሜ ዞረው፣ «አባትህስ? ምነው አላየሁት፣ ደህና አይደለም?» አሉት። ቤቱ ጭጭ አለ። ታናሹ ከንፈሩን ነከሰ። ታላቁ አየውና ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። የኛው የቤተ እስራኤል ቄስ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ወዲያው ሁለቱም ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ያንን ሳቅ ግን ማንም አላዘዘውም፣ ማንም ቲኬት አልቆረጠለትም። ልዩነቱ ይሄ ነው ጋሼ።

የበርሊኑ፦ ይገባኛል። ግን ልጠይቅሽ፤ ሰባቱ ቀን ባያስቀምጣቸው ወንድሞችሽ አንድ ቤት ውስጥ አራት ቀን ይውሉ ነበር?

ከነታንያ፦ አይውሉም። እሱን ወስጃለሁ፤ ፊልሙም እዚህ ላይ እውነት አለው። ኑዛዜውን ግን አልቀበልም። አባቴ የተወው ውርስ አልነበረም፤ ያስቀመጣቸው ሥርዓቱ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ያንን ቢያምን ኖሮ ገንዘቡን ባላስፈለገው።

የፍራንክፈርቷ፦ ታረቁ ታዲያ?

ከነታንያ፦ በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሐዘንተኛው ከበርጩማው ተነስቶ ሰፈሩን አንድ ዙር መዞር ልማድ ነው። ሁለቱ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። ስለ ቤቱ ሽያጭ ቃል አልተነፈሱም። ታላቁ የመኪናው ፍሬን የሚያሰማውን ድምፅ በአፉ እያስመሰለ ሲያሰማው፣ ታናሹ ቆመና «ነገ አምጣት፣ አያታለሁ» አለው።