እናቴ በጾም የዶሮ ዱቄት አልወስድም አለችኝ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቻይና፣ ጓንዡ ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ምግብ አልፈጭ ብሏት ሆዷ ይነፋል። የባህል ሐኪሙ ጂ ኔይ ጂን የሚባል ዱቄት አዘዘላት። ዶሮ ጥሬ የምትፈጭበት ጨጓራ የውስጥ ቢጫ ቆዳ ነው። እኛ ወጥ ስንሠራ ልጠን የምንጥለው ማለት ነው። እዚህ አጥበው ያደርቁታል፣ በጋለ አሸዋ እስኪነፋ ይቆሉታል፣ ከዚያ ይፈጩታል። ምግብ ሆዱ ውስጥ ለቆየበት ሰው፣ በተለይ ለሕፃናት ይሰጡታል።

እናቴ ግን ጾም ላይ ናት። «የዶሮ ነገር አፌ አይገባም» ብላ ቁርጥ አደረገች። ልጫናት አልፈልግም፣ ጾሟ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ሕመሟም ያሳስበኛል።

ለምግብ መፈጨት ከዕፅዋት የሚሰጡትም አሉ። አንዱ ማይ ያ ነው፤ የገብስ ብቅል! ይሄን እንኳን ደስ ብሏት ነው የምትወስደው። ሌላው ሻን ጃ የሚሉት ቀይ ፍሬ ነው። ግን የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች፣ ፍሬው ደግሞ ግፊት ሊቀንስ ይችላል ይባላል። አብረው ቢወሰዱ ፈራሁ።

እባካችሁ፣ የፋርማሲ ወይም የሕክምና ባለሙያ የሆናችሁ፣ ብቅሉ ብቻውን ይበቃታል? ቻይና ያላችሁስ፣ ሐኪሙ የጾም መድኃኒት እንዲቀይርላችሁ እንዴት አስረዳችሁት?